አፏ ሌላ፣ እጇ ሌላ

ሚጡ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሚጡ የሚለውን ስም ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት፤ ያኔ ልጅቷ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ዛሬ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ የሚንቋቋ ሴት ሆናለች፣ ስሙ ግን ወይ ፍንክች። ጎረቤቱም ሚጡ፣ የሥራ አለቃዋም ሚጡ ነው የሚሏት። አንዴ አንዲት አዲስ ነርስ «ሚጡ የምትባለዋን ልጅ ጥሩልኝ» ብላ ልካ፣ ሽበታም ሴት መጥታ ከፊቷ ስትቆም ጊዜ ደንግጣ «ልጅዎን ነበር የፈለግኩት» አለቻት። ሚጡ ይህን ራሷ እያወራች ራሷ ትስቃለች።

ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ መተኮስ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አንሶላና የሐኪም ጋውን ስትተኩስ ኖራለች፤ ክንዶቿ ላይ ካውያ የተወው ምልክት ብዙ ነው። ስለዚህ ጨርቅ ታውቃለች፤ የምታውቀው ግን ሌላ ሰው ሠርቶ ከጨረሰው በኋላ ነው። ጨርቅ ከክር ጀምሮ እንዴት እንደሚወለድ የምታውቀው ታላቅ እህቷ ነበረች።

ሚጡ ታላቅ እህቷን እትዬ ነው የምትላት፤ እኛም እንደዚያው እንበላት። እትዬ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። እናታቸው ስትሞት ሚጡ የአራት ዓመት ልጅ ነበረችና ያሳደገቻት እትዬ ናት። በጊዜው ለትዳር የጠየቋት ሰዎች ነበሩ፤ «መጀመሪያ ይቺ ትደግ» አለቻቸው። ይቺ አደገች፣ ጠያቂዎቹም አረጁ። እትዬ አርባ ዓመት ሙሉ በሽመና ራሷንም ታናሿንም አኖረች፣ ከዚያ ዓይኗን ሞራ ጋረደውና መሸመኛዋን ጨርቅ አልብሳ ጥግ ላይ አስቀመጠቻት። ሁለቱ እህቶች እስካሁን የሚኖሩት ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፣ የሚተኙትም አንድ ሰፊ አልጋ ላይ። ሚጡ ከእትዬ ተለይታ ያደረችው በሕይወቷ ሦስት ሌሊት ብቻ ነው፤ እሱም ትርፍ አንጀቷን ያወጧት ጊዜ።

ነገሩ የመጣው በቧንቧ ነው። ሚጡ ሥራ ሄዳ እትዬ ባልዲ ልትሞላ ቧንቧ ከፈተች፣ እስኪሞላ ብላ በረንዳ ላይ ወጣች፣ ወጥታም ባልዲውንም ቧንቧውንም ረሳችው። የታችኛዋ ጎረቤት ዣንጥላ ይዛ በራቸውን አንኳኳች። ውጪው ፀሐይ ነበር፤ ዣንጥላው ከሳሎኗ ነው የመጣው። ከዚያ በፊትም ማንቆርቆሪያው ውኃው አልቆ ባዶውን ሲነድ ውሎ ነበር፤ ከዚያም በፊት እትዬ ከሱቅ ስትመለስ ፎቁን ስታ የሰው በር ስትታገል ተገኝታለች። እነዚህን ሚጡ ለማንም ሳትናገር በሆዷ ይዛቸው ነበር፣ ውኃውን ግን መደበቅ አልተቻለም፤ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል።

ቅዳሜ ወንድማቸው መጣ። እሱ የመሐለኛው ነው፣ ሚጡ ጋሼ ትለዋለች። ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው፤ ሃያ ዓመት ከተማሪ ጎን ተቀምጦ ስለኖረ፣ ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንኳ ሰው ነገር ሲያፋጥንበት ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። ደግ ሰው ነው፤ ክፋቱ ትክክል መሆኑ ነው።

«እትዬ፣ እንዳትቆጪኝ» ብሎ ጀመረ።

«በል ተናገረው» አለች እትዬ። «እንዳትቆጪኝ ብሎ ጀምሮ ደግ ነገር የተናገረ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«አንድ መጦሪያ ቤት አይቻለሁ። ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለው፣ ግቢው አበባ በአበባ ነው። ሚጡ ሥራ ስትውል አንቺ ብቻሽን ነሽ። የነደደውን ማንቆርቆሪያ ባለፈው አይቼዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ውኃው። ነገ እሳት ቢሆንስ?»

ሚጡ «እኔ ሥራዬን እለቃለሁ» አለች ከአፉ ቀምታ።

«ለቀሽ ምን ልትበሉ?» አለ ጋሼ። እግሩ ምንጣፉን ረገጠ።

እትዬ ጥግ ላይ ወዳለችው መሸመኛ ፊቷን አዞረች። «ቧንቧ የረሳ ሰው ሁሉ አእምሮው ከተነካ ከተማው ባዶ ይቀር ነበር» አለች። «እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። ድርብ ሽመና ጭንቅላቱ የዞረ ሰው የሚያስተምረው ነገር አይደለም። እኔ ተቀምጬ በአፌ እነግራታለሁ፣ ይቺ በእጇ ትሠራለች። የሁለታችንን አልጋ የሚያለብስ፣ መሐሉ ላይ ስፌት የሌለው ብርድ ልብስ። አውርደነው ስንዘረጋው ከተከፈተ ሁለተኛ የመጦሪያ ስም እንዳታነሣብኝ። ካልተከፈተ ሻንጣዬን ራሴ ይዤ እወርዳለሁ።»

ጋሼ ስለ ሽመና ምንም አያውቅም፣ እትዬ ቃሏን እንደማታጥፍ ግን ያውቃል። እሺ አለ። የእህቷ ዕጣ በሚጡ አሥር ጣቶች ላይ ወድቋል፣ ጣቶቹ ደግሞ ከካውያ በቀር የያዙት ነገር የለም።

መሸመኛዋ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ነገር ናት፤ ስፋቷ ሦስት ስንዝር ነው። ክሮቹን የሚያነሣና የሚያወርድ፣ ማጉንም መትቶ የሚያስጠጋ የእንጨት ማበጠሪያ አላት፤ አንዱ ክር በቀዳዳ፣ ቀጣዩ በክፍተት እየሆነ ይሰካበታል። ከሦስት ስንዝር መሸመኛ ሦስት ስንዝር ጨርቅ እንደሚወጣ ማንም ያውቃል። እትዬ ግን ከእሷው ስድስት ስንዝር ታወጣ ነበር።

«ስሚኝ» አለች በመጀመሪያው ቀን፣ ከሚጡ በስተግራ ተቀምጣ። «ማበጠሪያው ሁለት ይሆናል፣ ድሩም እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ሁለት ጨርቅ ነው የምትሠሪው፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደርበሽ። መወርወሪያው ከቀኝ ተነሥቶ የላይኛውን ጨርቅ እየሠራ ወደ ግራ ይመጣል። እዚያ ይዞርና የታችኛውን እየሠራ ወደ ቀኝ ይመለሳል። አሁን ወደ ላይ እንዳትወጪ! እዚያው ታች እንዳለ ወደ ግራ ይመጣል፣ ከዚያ ነው ላይ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚሄደው። ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ላይ። በግራ በኩል ሁለቱ ጨርቆች ተያይዘው ይቀራሉ፣ በቀኝ በኩል ክፍት ናቸው። ስናወርደው እንደ ደብተር ይገለጣል።»

«ብሳሳትስ?»

«ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች ካልሽ በቀኝም ይዘጋል። ያን ጊዜ ብርድ ልብስ ሳይሆን ጆንያ ሠራሽ ማለት ነው። እህል ክተቺበት።»

ድሩን መሰካት ብቻ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ሚጡ የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ ስትመለስ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በመስኮቱ ብርሃን ክር ስትሰካ ትውላለች፤ እትዬ በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች አንድ ክር ቦታውን የሳተ እንደሆነ ሃምሳውን ታስፈታታለች። «ይሄ ጣት ነው ወይስ የበር ማጠፊያ?» ትላታለች። ሚጡ አንዴ ክሩ ተወሳስቦባት እጇ ሲታሰር ጊዜ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚሉት ይሄን ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ እትዬ «አንበሳ ሲያስር አላየሁም፣ ሰነፍ ሲያስር ግን ይኸው» ብላ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቧንቧው ከፈሰሰ ወዲህ እትዬ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

ሽመናው ሲጀመር እትዬ ሌላ ሰው ሆነች። ወገቧ ቀና አለ። ዓይኗን ጨፍና ግራ እጇን በታጠፈው የጨርቅ ጫፍ ላይ አሳርፋ ትጠራለች፣ ሚጡ ከአፏ እየተቀበለች ደግማ እየጠራች ትሠራለች። አራቱ እርምጃዎች አራት ዓይነት ሥራ ናቸው። ለመጀመሪያው ላይ ማበጠሪያዎቹ ተነሥተው እንጨቱ ላይ ይሰቀላሉ፣ ቀጭ ይላል። ለመጀመሪያው ታች ሁለቱም ዝቅ ይላሉ፣ ድፍ ይላል። ለሁለተኛው ታች ከኋላ ያለች ቀጭን ዘንግ ትጫናለች፣ እሷ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል። ለመጨረሻው ላይ ደግሞ ጠፍጣፋ እንጨት በድሩ መሐል ወደ ፊት ይሳባል፣ ሸር ይላል። «ግራውን አትሳቢ» ትላለች እትዬ፣ «ከሳብሽ ስንዘረጋው መሐሉ ላይ ጠባሳ ይወጣል። በየስንዝሩ ደግሞ በቀኝ በኩል እጅሽን በሁለቱ ጨርቅ መሐል ክተቺ፤ ከገባ ሰላም ነው።» የመጀመሪያውን ስንዝር ሲጨርሱ የሚጡ እጅ እስከ አንጓዋ ድረስ ገባ። ደስ ብሏት እትዬን ጉንጯን ሳመቻት።

ሁለተኛው ስንዝር አልቆ ሦስተኛው ላይ ሳሉ አንድ ሐሙስ ሆነ። እትዬ እንደ ወትሮዋ ዓይኗን ጨፍና ትጠራለች፤ ድምፅዋ ያው ቆፍጣና ድምፅዋ ነው። ሚጡ የዚያን ቀን ሥራ በዝቶባት ስለነበር ደክሟታል፣ የሰማችውን ብቻ ነው የምትሠራው። እትዬ ላይ ካለች ላይ ነው፤ ሚጡ ሃምሳ ሁለት ዓመት እንዲያ ነው የኖረችው። ስንዝሩ ሲሞላ በቀኝ በኩል እጇን ልትከት ሞከረች። ጣቶቿ ገና ጥፍራቸው ሳያልፍ ቆሙ። ጎንበስ ብላ አየች። የቀኙ ጫፍ፣ ክፍት መሆን የነበረበት፣ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ያን ጊዜ ነው ከሰዓቱን ሙሉ ሲጠራ የዋለው ጆሮዋ ላይ ተመልሶ የመጣው፤ ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች።

«ገባ?» አለች እትዬ።

ሚጡ እህቷን አየቻት። የተጨፈነው ፊት ላይ ደስታ አለ፣ የመምህር ደስታ። ሚጡ ወንድሟን አሰበች፣ የአበባውን ግቢ አሰበች፣ ሻንጣውን አሰበች። እትዬ ቃል የማታጥፍ ሴት ናት፤ ይህን ብትሰማ ብርድ ልብሱ እስኪወርድ እንኳ አትጠብቅም።

«ገባ» አለች ሚጡ።

ማግን ማስገባት ቀላል ነው፣ መፍታት ነው የሞት ሞት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ እትዬ ሳትነሣ፣ ሚጡ መሸመኛዋ ላይ ተደፍታ ክሩን አንድ በአንድ ፈታችው። የተፈታ ክር ይሻክራል፣ ይላላል፤ አሻሽታ፣ ወጥራ፣ በትክክለኛው ተራ መልሳ ሠራችው። ሥራ የደረሰችው ዘግይታ ነው፤ አለቃዋ «ሚጡ፣ በዚህ ዕድሜሽ ማርፈድ ጀመርሽ?» ሲላት ሳቀችለት። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ከዚያ በኋላ እትዬ በቀን አንዴ ሁለቴ መሳት ጀመረች፣ አንዳንዴ ጥሩ ትውልና አንዳንዴ ግን ጥሪው ሁሉ ይዞርባታል። ሁሉን ጠዋት ጠዋት እየፈቱ መዝለቅ አልተቻለም።

ስለዚህ ሚጡ ሌላ ዘዴ አመጣች። እትዬ የምትለውን በአፏ ትደግማለች፣ በእጇ ግን ልኩን ትሠራለች። እትዬ «ላይ» ስትል «ላይ» ትላለች፣ እጇ ታች ይሄዳል። እትዬ «ታች» ስትል «ታች» ትላለች፣ እጇ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ከባድ ነበር፣ ቀስ በቀስ ግን ለመደችው፤ አፍና እጅ ተለያይተው መሥራት እንደሚችሉ አታውቅም ነበር። ውሸት መሆኑን ታውቃለች፣ ግን ደግሞ ለራሷ ትላለች፦ ማን ተጎዳ? ብርድ ልብሱ ልክ ነው፣ እትዬ ደስተኛ ናት፣ ጋሼ ዝም ይላል። እንዲህ ተብሎ ሲቆጠር ነገሩ ጥሩ ይመስላል።

ብርድ ልብሱ ከግማሽ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን እትዬ በጥሪዋ መሐል አቆመች። ራሷን ዘንበል አድርጋ ቆየች።

«አሁን ያልኩሽን አደረግሽ?»

«አደረግኩ፣ እትዬ።»

የእትዬ ጣቶች ጭኗ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያሉ ሲንቀሳቀሱ ሚጡ አይታለች፤ የደከማት ነው የመሰላት። ከማግስቱ ጀምሮ እትዬ መጥራት ተወች። «አሁን ገብቶሻል» አለች፤ «አንቺ ጥሪው፣ እኔ ልስማ።» ሚጡም አፏንና እጇን አስታርቃ ልኩን እየጠራች መሥራት ጀመረች፤ እትዬም እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች። ሚጡ ይህን ያህል እፎይ ያለችበት ጊዜ የለም። የእህቷ አእምሮ የጠራ መሰላት። መሸመኛዋ ናት ያዳነቻት፣ ሥራ መድኃኒት ነው ብላ ለመተኮሻ ክፍል ጓደኞቿ ሁሉ አወራች።

ብርድ ልብሱ የወረደው በእሑድ ነው። ጋሼ ጠዋት መጣ። ሚጡ ድሩን በመቀስ ቆረጠችው፣ የተጠቀለለውን ጨርቅ ከመሸመኛዋ አወጡት፣ አልጋው ላይ አኖሩት። ጋሼ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ ሚጡ የላይኛውን ጨርቅ በቀኝ ጫፉ ይዛ ወደ ግራ ገለጠችው። ያለ ምንም እንቅፋት ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ። ስድስት ስንዝር። መሐሉ ላይ ልብ ብሎ ለፈለገ ብቻ የምትታይ፣ ክሩ ትንሽ ጠበቅ ያለባት ቀጭን መስመር አለች። አልጋው ላይ ተዘርግቶ በሁለቱም ጎን እስከ ጠርዙ ደረሰ።

ጋሼ ሳቀ፤ ቂም የሌለበት ሳቅ። «እትዬ፣ እጄን ሰጥቻለሁ» አለ። «ሁለተኛ አላነሣብሽም። ከእኔ ጭንቅላት ያንቺ ይሻላል።»

እትዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ሁለት መዳፎቿን ጨርቁ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ዳር ወሰደቻቸው፣ መለሰቻቸው። ቸኩላ አልነበረም።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ወንድሟ አዙራ፦ «መቼ ነው የምትወስደኝ?» አለችው።

ጋሼ ተሳስቶ የሰማ መስሎት «ወዴት?» አለ።

«ወደ መጦሪያው ነዋ። ግቢው አበባ በአበባ ነው አላልክም?»

«እትዬ! ተከፈተ እኮ!» አለች ሚጡ። ድምፅዋ የራሷ አይመስልም።

«አንቺ ነሽ የከፈትሽው። እኔ ያስተማርኩሽ ግማሹን ጆንያ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእትዬ ጆሮ ግን አርባ ዓመት ከዚያች መሸመኛ ጋር የኖረ ጆሮ ነው። ዓይኗ ቢጋረድ፣ ቧንቧ ብትረሳ፣ የማበጠሪያ ቀጭታና የእንጨት ሸርታ አይጠፋትም። ሚጡ ይህን አለማሰቧ ነው የሚገርመው። ሠላሳ አንድ ዓመት ካውያ የያዘ ሰው በጭሱ ሽታ ብቻ ጨርቁ ሊያር መሆኑን ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ስለ እህቷ ግን አላሰበችውም።

«አልተቆጣሁም» አለች እትዬ። «ያን ቀን አፍሽ ላይ ሲል እጅሽ ታች ሲል ሰማሁት። መጀመሪያ የተሳሳትሽው አንቺ መሰልሽኝ፣ ልቆጣሽ ነበር። ከዚያ በጣቴ ቆጠርኩት። እንደገና ቆጠርኩት። አልመጣ አለኝ። አርባ ዓመት የሠራሁትን፣ ሚጡ፣ አራት ነገር፣ የትኛው ሦስተኛ እንደሆነ አልመጣ አለኝ። ስለዚህ አንቺ ጥሪው አልኩሽ። እየሰማሁ ነበር የተማርኩት። ከአንቺ።»

ሚጡ መሬት ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈቻት። እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። «እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ለእኔ ብለሽ ነው። ግን አስቢው እስቲ። ልክ አለመሆኔን አንቺ ታውቂ ነበር፣ የማላውቀው እኔ ብቻ፤ በገዛ ቤቴ። ከእንግዲህ ዛሬ ማክሰኞ ነው ስትዪኝ፣ ማክሰኞ መሆኑን በምን አውቃለሁ? እሳቱን አጥፍተሻል ስትዪኝ? ደህና ነሽ ስትዪኝ? ጨለማው ይቻላል፣ ለምጄዋለሁ። በጨለማ ውስጥ እጄን ይዞ የሚመራኝ ሰው ሲዋሸኝ ግን የት እንዳለሁ አላውቅም። እዚያ ያሉት ባዳ ናቸው። ባዳ አያዝንልኝም፣ ተሳስተሻል ይለኛል።»

ጋሼ፣ ሲፈልገው የነበረውን ያገኘው ሰው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አፍንጫውን በመሐረብ ያብስ ነበር።

እትዬ እስክትሄድ ሰባት ቀን ነበራቸው። ሚጡ ያልሞከረችው የለም። ለመነች፣ ተቆጣች፣ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈች፤ ማኩረፉ ራሱ ከሰባቱ አንዱን ቀን እንደበላባት ሲገባት ደግሞ በራሷ አነባች። «ከአሁን በኋላ እውነቱን እነግርሻለሁ፣ እምልልሻለሁ» አለች። እትዬ «አትችይም፣ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ» አለቻት። ብርድ ልብሱን ይዘሽ ሂጂ ብትላት ደግሞ «የዚያ አልጋ ያንድ ሰው ነው፤ መሬቱን ላለብስበት ነው?» አለች። ስለዚህ ብርድ ልብሱ አልጋው ላይ ቀረ። ሚጡ በእነዚያ ቀናት ካውያ ስትገፋ ቆም እያለች አንዲት ነገር ታስባለች፤ ያን ሐሙስ «ገባ?» ስትባል «አልገባም» ብትል ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ሦስት ፊደል ብቻ ነው የሚጨመረው። እትዬ ትሄድ ነበር ብላ ራሷን ታጽናናለች። ይህ ካልሆነማ ምን አላት?

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ጋሼ መኪናውን ታች አቁሞ ጠበቀ። እትዬ ለብሳ ወጣች። ሰማያዊ ሹራቧን አድርጋለች፣ ፀጉሯን ራሷ አበጥራለች፣ ቁልፎቹን ራሷ ቆልፋለች። ሚጡ ሻንጣውን በሩ አጠገብ አስቀምጣ ቀና ብላ ስታያት፣ የሹራቡ አንደኛው ወገን ከሌላው ረዝሞ ተንጠልጥሏል። ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ የአራተኛው ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተዛንፏል።

«እንዴት ነኝ?» አለች እትዬ።

«ታምሪያለሽ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ሚጡ ዋጠችው። ሲወርድ አመማት።

«እትዬ» አለች፣ «ቁልፉን አዛንፈሽዋል።»

እትዬ ቆመች። «የቱ ጋ?»

«ከላይ ሦስተኛው። ከእሱ በታች ሁሉም ተሳስቷል።»

ሚጡ ልታስተካክልላት እጇን ስትዘረጋ እትዬ በክርኗ መለሰቻት። አንድ በአንድ ፈታቻቸው፣ አንድ በአንድ በጣቷ እየፈለገች መልሳ ቆለፈቻቸው። ታች ጋሼ ክላክስ አደረገ፣ ማንም አልመለሰለትም። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሚጡ ቆማ ጠበቀች፤ እጆቿ ሥራ አጥተው ቀሚሷን ይጨብጣሉ።

«አየሽ፣ አልሞትኩም» አለች እትዬ።

«እንግዲያው ቅሪ።»

እትዬ የመጨረሻውን ቁልፍ ዘጋች። ሹራቡን ወደ ታች ሳብ አድርጋ ሁለቱን ጫፎች አመሳከረቻቸው፤ እኩል ናቸው።

«ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ እቀር ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ከዚያ ሻንጣዋን ከሚጡ እግር አጠገብ ዳስሳ አነሣች፣ የደረጃውን መደገፊያ በግራ እጇ ያዘች፣ አንድ ብላም መውረድ ጀመረች።